ከብርሀንነሽ ቀጥላ ያለችው ድንጋይ

[መካነ ሰላም፣ ገበያው ዳር። ሁለት ጠባብ ሱቆች በኮምፔንሳቶ ተከፍለው ጎን ለጎን ናቸው። በአንዱ በር ላይ በሩን የሚያህል “ጅዳ ሞባይል” የሚል ታፔላ አለ፤ በሌላው ላይ መሐረብ የምታህል “ልብስ ስፌት”። ከሳዑዲ የተመለሰው ወጣት ነጋዴ ሙሐሲን ስልኩን ይዞ በረንዳው ላይ ቆሟል። አዛውንቱ ልብስ ሰፊ አራጋው የስፌት መኪናቸውን የእግረኛ መንገዱ ላይ አውጥተው ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ዓርብ ነው፣ ከጁምዓ መልስ።]

ሙሐሲን፦ ድንጋይ? ድንጋይ አሰልፌ መጣሁ ነው የሚሉኝ ጋሼ?

አራጋው፦ አዎ። በማለዳ ሄጄ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ አስቀመጥኩ። ከብርሀንነሽ ቀጥላ ናት።

ሙሐሲን፦ ከብርሀንነሽ ነው ከብርሀንነሽ ድንጋይ?

አራጋው፦ ከድንጋይዋ። ብርሀንነሽማ ሻይ ቤቷን ለማን ትታ ትቆማለች? ተራችን ሲቃረብ ሰው ትልክብኛለች።

ሙሐሲን፦ ያ ረቢ። ዓለም ሰማይ ላይ ሳተላይት አሰልፎ እርስዎ ድንጋይ ያሰልፋሉ።

አራጋው፦ ሳተላይቱስ ስንተኛ ላይ ነው?

ሙሐሲን፦ ሳተላይት ወረፋ አይዝም ጋሼ። የማዘጋጃውን ማስታወቂያ አላነበቡም? ነጋዴ ከዘንድሮ ጀምሮ የጽዳቱን፣ የታፔላውን፣ ቅጣትም ካለበት ቅጣቱን፣ በኢንተርኔት መክፈል ይችላል ይላል። ኦንላይን ማለት ነው።

አራጋው፦ እኔ ያነበብኩት የታችኛውን ነው። እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ያልከፈለ ነገ ጠዋት ሱቁ ይታሸጋል የሚለውን። አርባ ዩኒፎርም ውስጥ አለኝ፣ ሰኞ ትምህርት ይከፈታል።

ሙሐሲን፦ ለዚህ ነው ድንጋይ የማይታመነው። ገንዘብ ተቀባይዋ ራሄል ብቻዋን ደረሰኝ በእጇ እየጻፈች እስከ አሥራ አንድ ተኩል ስንት ሰው ታስተናግዳለች? እኔ እዚሁ ቆሜ በሁለት ደቂቃ እጨርሳለሁ። ጅዳ እያለሁ የመብራት፣ የውሃ፣ የመኪና ቅጣት፣ ሁሉን በጣቴ ነበር የምከፍለው።

አራጋው፦ መኪና ነበረህ?

ሙሐሲን፦ የአሠሪዬ ነው። ቅጣቱን ግን እኔ ነበርኩ የምከፍለው።

አራጋው፦ አይ ስደት።

ሙሐሲን፦ ይልቅ ያቺን በርጩማ ያቀብሉኝ። ኔትወርኩ ከፍ ያለ ቦታ ይወዳል። [በርጩማው ላይ ይወጣል፤ ስልኩን ወደ ሰማይ ያነሳል] መጣ። ሄደ። አብሽሩ፣ መጣ። ይኸው፣ “እንኳን ደህና መጡ” አለኝ።

አራጋው፦ ሰላምታውስ ደግ ነው። ራሄል እንኳ እንዲህ አትልም።

ሙሐሲን፦ “የቤት ቁጥር ያስገቡ።” [ወደ ራሱ በር ያያል] የቤት ቁጥሬ የት ነበር?

አራጋው፦ ከታፔላህ ኋላ ነዋ። ጅዳን ስትሰቅል ሸፈንከው።

ሙሐሲን፦ አሁን ያንን ተራራ ማን ይነቅላል። [ወደ አራጋው በር ያያል] መቶ አሥራ ሰባት። ይኸው አለ።

አራጋው፦ እሱማ የኔ ነው።

ሙሐሲን፦ ቤቱ እኮ አንድ ነው ጋሼ። አከራያችን እትዬ በዛች፣ አንድ ሰው። ጣራው አንድ። መሀሉ ላይ ያለው ኮምፔንሳቶ ነው፣ እሱንም የመታሁት እኔ ነኝ። ኮምፒውተር ኮምፔንሳቶ ያውቃል?

አራጋው፦ እኔ ምን አውቄ። ግን ኮምፔንሳቶውን የመታህ ሰሞን የማዘጋጃ ሰዎች መጥተው ሌላ ቁጥር ለጥፈውልህ ሄደዋል።

ሙሐሲን፦ እሱ ለሕዝብ ቆጠራ ነው።

አራጋው፦ እንዲያ ነው? እኔስ ለክፍያ ነው ሲሉ የሰማሁ መስሎኝ ነበር።

ሙሐሲን፦ ጋሼ፣ እርስዎ ቁልፍ ሲተክሉ እኔ ልምራዎት ብዬ አውቃለሁ?

አራጋው፦ አታውቅም።

ሙሐሲን፦ በቃ። [ይነካካል] አንድ፣ አንድ፣ ሰባት። ወጣ። አዩ? ስም እንኳ አልጠየቀኝም። “የጽዳት፣ መቶ ሃያ። የታፔላ፣ ሰማንያ።”

አራጋው፦ [መርፌያቸውን አቁመው ቀና ይላሉ] ለዚህ ታፔላ ሰማንያ? የኔዋ መሐረብ እኮ ናት ሰማንያ የምትከፍለው። ያንተን ባለፈው ዓመት ሺህ ብር አሉኝ ብለህ ሦስት ቀን እህል አልበላህም።

ሙሐሲን፦ የኦንላይን ጥቅሙ ይኼ ነው። ቅናሽ አለው። ሰው ሲሠለጥን መንግሥትም ይራራል።

አራጋው፦ ቅጣትስ አለው?

ሙሐሲን፦ አለ። “የእግረኛ መንገድ ላይ ዕቃ ማስቀመጥ፣ ሁለት መቶ።” ይኼ ስፒከሬ ነው። ወር ሙሉ ነው ውጭ ያስጮህኩት፤ ይህንን አልክድም።

አራጋው፦ ስፒከርህን እንኳ ያዩት አይመስለኝም። እኔን ነው ደንብ አስከባሪዎቹ በዚህ የስፌት መኪና የያዙኝ። ያን ለታ አንተ ወግዲ ሄደሃል። ወረቀትም ጽፈው ሰጥተውኛል።

ሙሐሲን፦ እርስዎንም ይዘውዎት እኔንም ይዘውኝ ይሆናል። ሕግ ለሁሉም እኩል ነው። ድምሩ አራት መቶ።

አራጋው፦ የኔም አራት መቶ ነው። ራሄል ደምራ የሰጠችኝ ወረቀት ይኸው። ብሩንም ቆጥሬ በመሐረብ ቋጥሬዋለሁ።

ሙሐሲን፦ ይመልከቱማ። የአንድ ለአምስቱ ስብሰባ ላይ ስለ ፍትሐዊነት ሲነግሩን እያንቀላፉ ነበር እርስዎ። ሁለት ጎረቤት፣ እኩል ክፍያ።

አራጋው፦ እስቲ ቆይ ሙሐሲንዬ። ከመክፈልህ በፊት ሌላ የሚለው የለም?

ሙሐሲን፦ አለ። “አንዴ የተከፈለ ክፍያ አይመለስም።” ይኼ ደግሞ እንደ እርስዎ ለሚያመነቱ ሰዎች የተጻፈ ነው። ፊትዎን ያዙሩልኝ፣ የሚስጥር ቁጥሬን ላስገባ።

አራጋው፦ [ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ] ብቻ አልነገሩኝም እንዳትለኝ።

ሙሐሲን፦ ቢስሚላህ። ሄደ። አለቀ። [ከበርጩማው ይወርዳል] አሁን ወደ ድንጋይዎ ይሂዱ። እኔ ሻይ እጠጣለሁ።

[የስልኩ መልእክት ይጮኻል።]

አራጋው፦ መለሱልህ?

ሙሐሲን፦ ደረሰኙ ነው። ያዳምጡ። “ክቡር ደንበኛችን...” ክቡር ነው የሚሉኝ። “ክቡር ደንበኛችን አቶ አራጋው ይመር፣ የልብስ ስፌት፣ የቤት ቁጥር መቶ አሥራ ሰባት፣ የዓመቱን ክፍያና ቅጣትዎን ስላጠናቀቁ...”

[ሙሐሲን ስልኩን ወደ ዓይኑ ያስጠጋል።]

አራጋው፦ ስላጠናቀቁ ምን?

ሙሐሲን፦ “እናመሰግናለን።”

አራጋው፦ ምን አደረግሁላቸው፤ ከተቀመጥኩበት እንኳ አልተነሳሁ።

ሙሐሲን፦ [በርጩማው ላይ ይቀመጣል] አልከፈልኩም ማለት ነው። የኔ ቤት አልተከፈለም።

አራጋው፦ አይ፣ ያንተስ እዚያው ከታፔላው ኋላ ነው።

ሙሐሲን፦ አይሳቁብኝ ጋሼ። ነገ ቅዳሜ ነው። እቴቴ ኡምኩልሱም ኩዌት ያለችውን ልጇን ፈርሂያን በኔ ስልክ ልታናግር ትመጣለች። ልጅቱ በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ነው አሠሪዎቿ የሚፈቅዱላት። ያቺ እናት መጥታ በሬ ታሽጎ ብታይስ? ወላሂ አፈርኩ።

አራጋው፦ [መሐረባቸውን ፈትተው ብሩን ይሰጡታል] እንካ፣ አራት መቶህ። ሌላውን ከመሳቢያህ ጨምርበትና ሂድ። ለጅዳ ይኼ አይበቃም።

ሙሐሲን፦ ብሩማ አለ። ወረፋው ነው። አሁን ከመጨረሻ ብሰለፍ ራሄል ዘግታ ትሄዳለች።

አራጋው፦ ከመጨረሻ ተሰለፍ ማን አለህ? ከብርሀንነሽ ቀጥላ ጠርዟ የተሸረፈች ጥቁር ድንጋይ አለች።

ሙሐሲን፦ የእርስዎን ድንጋይ ሊሰጡኝ ነው?

አራጋው፦ የኔን ምን ያደርግልሃል? ከሷ ኋላ ያለችው ትልቋ ያንተ ናት።

ሙሐሲን፦ የኔ?

አራጋው፦ በማለዳ ያሰለፍኩት ሁለት ነው። ጎረቤቴ አይደለህ? ኔትወርኩ ቢያሳፍርህስ ብዬ ነው። ታፔላህን አስቤ ትልቅ መረጥኩልህ፤ ወገቤን እስካሁን ያመኛል።

ሙሐሲን፦ ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?

አራጋው፦ መች አስጨረስከኝ። በል ሩጥ፣ አሥር ሰዓት ሆነ።

[ሙሐሲን ብሩን ጨብጦ ይሮጣል። መንገዱ መሀል ደርሶ ይቆማል፣ ዞሮ ይጣራል።]

ሙሐሲን፦ ጋሼ! የእርስዎን ድንጋይስ ምን ላድርጋት?

አራጋው፦ [መኪናቸውን እየረገጡ] ከሰልፉ አውጣት። እሷ በኦንላይን ከፍላለች።