የተስፋ አስተዳደር ኮሚቴው ገድል

በደብረ ታቦር ከተማ የሚገኝ አንድ የፈጠራ ማዕከል፣ ሕዝብ ከመጠን በላይ ተስፋ እንዳያደርግ የፈጸመው ተጋድሎ ለትውልድ ተጽፎ ሊቀመጥ ይገባዋል። ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ይህን ውጤት የሚያገኙት ሳያስቡት ነው። ማዕከሉ ግን በዕቅድ፣ በኮሚቴና በቃለ ጉባኤ አሳክቶታል።

የነገሩ መነሻ እመቤት ናት። ማዕከሉ ውስጥ ሦስት ዓመት ቁጭ ብላ አንድ የቪዲዮ ጌም ሠራች። ተጫዋቹ ገበሬ፣ ቄስ ወይም ነጋዴ መሆን ይመርጣል። በቅሎውን እየሳበ ከእብናት ገበያ ይነሳል፤ ስንት ወንዝና ስንት ሽፍታ አልፎ፣ ሰባት ሰዓት ሙሉ ከተጫወተ በኋላ ቤቱ ይደርሳል። በሩን የሚከፍትለት ሰው አለ። ያ በር ብቻ አንድ ክረምት ፈጅቶባታል፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም፣ እሷም አልተናገረችም። የምትመኘው፣ አንድ ሰው እንኳ ቢሆን እዚያ መጨረሻ ድረስ እንዲጫወትላት ነበር።

ጌሙ ከመውጣቱ በፊት የሃያ ደቂቃ ቅምሻ፣ ወጣቶቹ ዴሞ የሚሉት፣ በቡሄ ሰሞን ተለቀቀ። ከተማው አበደ። በተለይ ቅምሻው ሊያልቅ ሲል በቅሎዋ አንገቷን አዙራ ወደ ጉና ተራራ ማየቷ ብዙ ጥናት ተደረገበት። ባጃጅ ነጂው ይሻው አርባ አንድ ጊዜ ተጫወተው፤ የደጋፊዎች ሊቀመንበር ሆነ፤ የበቅሎዋንም ሥዕል ባጃጁ ላይ አስለጠፈ።

“እህት ዓለም፣ ጉና ላይ ምን ደብቀሽ ነው?” አላት መንገድ ላይ አስቁሟት።

“ምንም። የአንገቷ መዞር ስህተት ነው፤ አስተካክለዋለሁ።”

“ገባኝ፣ ገባኝ። በቃ አትናገሪ!” ብሎ ጠቀሳት።

በማግስቱ ጉና ላይ ዘንዶ እንዳለ ከተማው ሁሉ አወቀ።

የማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ አቶ ሚልኪያስ እንቅልፍ አጡ።

“ጌሙ አልቋል፤ እንልቀቀውና አይተው ይፍረዱ” አለቻቸው እመቤት።

“ጌሙስ አልቋል፤ ያልተዘጋጀው ተስፋው ነው። በተስፋውና በምርቱ መካከል ልዩነት አለ። እሱ ሳይጠፋ አንለቅም።”

ወዲያውም “የተጠቃሚ ተስፋ አስተዳደርና ክትትል ዐቢይ ኮሚቴ” ተቋቋመ። ኮሚቴው በአንደኛ ስብሰባው፣ ደጋፊዎቹን የሚያለዝቡ ሽማግሌዎች እንዲላኩ ወሰነ። የተመረጡት መሪጌታ ገብረሥላሴና አቶ ሙላቴ ስንት ደም ያደረቁ ሰዎች ናቸው፤ ጌም ግን አይተው አያውቁም። ይሻውንና አቶ ሚልኪያስን ጽድ ሥር አስቀምጠው፣ እንደ ወጉ መጀመሪያ የተበዳይን ቃል ሰሙ።

“ምን በደሉህ ልጄ?” አሉ መሪጌታ።

“ዘንዶ አሳይተው ነሱን፣ አባቴ” አለ ይሻው።

“አይታችሁታል?”

“እኛ አላየነውም። በቅሎዋ ግን አይታዋለች።”

መሪጌታ ወደ አቶ ሚልኪያስ ዞሩ። “እንግዲህ ምን ይሉናል? እንስሳ አይዋሽ።”

ያለ ካሳ እርቅ የለምና ካሳ ተቆረጠ፦ ዘንዶው ይውጣ፤ የቆሎ ተማሪ ሚና ይጨመር፤ ተማሪውንም ውሻ የምር ያባርረው። አቶ ሙላቴ ጥንድ በሬ አስጨመሩ፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። በሽማግሌ ፊት እምቢ ማለት ነውር ነውና አቶ ሚልኪያስ ሁሉንም “እሺ” ብለው ተነሱ። ተስፋ ሊቀንስ የሄደው ልዑክ በዘንዶ፣ በውሻና በጥንድ በሬ አሳድጎት ተመለሰ። ቃለ ጉባኤው ይህን “አበረታች ጅምር” አለው።

ቀጥሎ የማስታወቂያ ዘመን መጣ። አንደኛው ማስታወቂያ ካሳው ላልተወሰነ ጊዜ መራዘሙን ገለጸ። አራተኛው “ጌሙ ጥሩ ላይሆን ይችላል” አለ። ሰባተኛው ደግሞ ተጫዋቹ አንድ ቦታ ቆሞ ሊውል ስለሚችል ከወዲሁ እንዲዘጋጅ አሳሰበ።

“ይሄ እኮ ውሸት ነው፣ ጋሼ። ጌሙ ጥሩ ነው” አለች እመቤት።

“ቀስ በይ፣ ሰው እንዳይሰማሽ!”

ሁለት ዓመት እንዲህ ተሠራ። ይሻው ሥዕሉን ከባጃጁ ላይ ላጠው። እመቤት አንድ ቀን ስታገኘው “ሲወጣ ትጫወተዋለህ?” ብትለው፣ “የቱን?” አላት።

ኮሚቴው ጥናት አስጠንቶ ተስፋው ዜሮ መግባቱን አረጋገጠ። አቶ ሚልኪያስ እመቤትን በደስታ አስጠሯት።

“ተሳካልን! ዜሮ!”

“ታዲያ እንልቀቀዋ” አለች፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ።

“እንዴት ተደርጎ? ሕዝቡ የሚጠብቀው ዜሮ፣ አንቺ የያዝሽው ሰባት ሰዓት! ልዩነቱ እኮ እንዳለ ነው፤ አቅጣጫው ነው የዞረው። አሁን የቀረን ምርቱን ወደ ተስፋው ማውረድ ነው።”

“አንድ ሰው እንኳ መጨረሻውን ሳያየው?”

“ያልጠበቀውን ሰው ምን ልናሳየው? በይ፣ የሚጠበቀውን ለማቅረብ ስንት ቀን ይፈጅብሻል?”

“የሚጠበቀው ባዶ ነው።”

“ባዶውን ለማቅረብ ስንት ቀን ይፈጅብሻል?”

“ለዛሬ ይደርሳል” አለች እመቤት።

ርክክቡ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ተፈጸመ። አቶ ሚልኪያስ ባደረጉት ንግግር የተጠበቀው ሁሉ ያለ አንዳች ጉድለት መቅረቡን አበሰሩ። ቅሬታ ያለው ካለ ተብሎ ተጠየቀ፤ ቅሬታ አልነበረም፤ ሰውም አልነበረም። ማዕከሉ ከተቋቋመ ጀምሮ በተባለለት ቀን የደረሰ ሥራ ይህ የመጀመሪያው በመሆኑም፣ እመቤት የምስክር ወረቀት ተሸለመች።