ስምንት እግር ያለው ወዳጅ

የመሥሪያ ቤት ሥራውን ሰፈር ድረስ ይዞ የሚገባ ሰው የሌለበት መንደር አላየሁም። ጡረታ የወጣው ዳኛ በልጆች ኳስ ላይ ይፈርዳል፤ ትራፊክ ፖሊሱ ሠርግ ቤት ገብቶ መኪና ያስቆማል። ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ማዶ ለምንኖረው የደረሱን ግን ክቡር አቶ ዘርአጽዮን ነበሩ። ሥራቸው ከውጭ የሚገባ ፍራፍሬና ችግኝ ተባይ እንዳይኖርበት መመርመር ነበር። ማጉያ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይሄዳሉ፤ አንጠልጥለው ይመለሳሉ።

ለታመመ ጎረቤት ብርቱካን ይዘን ስንሄድ በር ላይ ተቀብለው አንድ በአንድ አገላብጠው ያሳልፋሉ። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ከድንኳኑ ጠፍተው ስንፈልጋቸው፣ ከሟቹ የኮክ ዛፍ ሥር እንባቸው ሳይደርቅ ቅጠል ሲገለብጡ አገኘናቸው። “ምስኪን፣ ሳይነግረኝ” አሉ። ስለ ሟቹ ይሁን ስለ ዛፉ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

በ1972 ዓ.ም. ጥር ላይ የእኔ ብርቱካን ቅጠሉ አመድ መሰለ። አቶ ዘርአጽዮን ዐሥር ቅጠል ቆርጠው ጀርባ ጀርባውን አዩና፣ ዓይን በግድ የሚለያት ቀይ ቅንቅን ጭማቂውን እየመጠጠችው መሆኑን ነገሩኝ። ደረቁ ወር ሲገባ ትረባለች፤ እሷን የሚበላ ሌላ ቅንቅን ደግሞ ዘግይቶ ይከተላታል፤ እስከ መጋቢት ታገስ አሉኝ። ቆጥረውም ነበር፦ ቅንቅን መቶ አርባ፣ በላተኛ ሦስት። በዚህ ስሌት ምኑን እንደምታገስ አልገባኝም።

በዚያው ሰሞን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ሽፈራው መርጫና መድኃኒት አግኝተው ስብሰባ ጠሩ፤ የየግቢው ዛፍ ሁሉ በዘመቻ ሊረጭ ነው። ልናጨበጭብ ስንል አቶ ዘርአጽዮን እጃቸውን አወጡ።

“ጠላት ከምትሉት መሃል ወዳጅ አለ። አብራችሁ ልትፈጁት ነው።”

የአዳራሹ ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ሰው ቃሉን መዝኖ የሚናገርበት ዘመን ነው፤ ባነሰ ነገር ከቤቱ ተወስዶ ያልተመለሰ እናውቃለን። ባለቤቴ ክንዴን ጨመቀችው።

“ወዳጅ የሚሉት ማንን ነው?” አሉ ሊቀመንበሩ ቀስ ብለው።

“ስምንት እግር ያለውን” አሉና ከኪሳቸው ቅጠል አውጥተው ከነመነጽሩ ወሰዱላቸው። ጓድ ሽፈራው ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ። በመጨረሻ፣ አንዱ ይሮጣል፣ ሌላው ተቀምጧል አሉ።

“የሚሮጠው የእኛ ነው” አሉ አቶ ዘርአጽዮን፤ “ተቀምጦ የሚመጥጠው ነው ጠላት።”

በአዳራሹ ውስጥ ሊቀመንበሩ ብቻ ነበሩ የተቀመጡት፤ ሌሎቻችን ቆመናል። ድንገት ሁላችንንም ሳል ያዘን። ጓድ ሽፈራው የአቶ ዘርአጽዮንን ፊት ትኩር ብለው መረመሩት። ከቅጠል ሌላ ምንም አልነበረበትም። የፈለገ ይርጭ፣ ያልፈለገ ይተው ብለው ስብሰባውን ዘጉ።

እኔ ረጨሁ። ዛፉ ለጥቂት ቀን ጸዳ። በአራተኛው ሳምንት ግን ቅንቅኗ የሚያሳድዳት ጠፍቶላት ተመለሰችና ቅርንጫፉን ሁሉ ድር አለበሰችው። አፍሬ የግቢዬን በር ዘጋሁ። አቶ ዘርአጽዮን ከራሳቸው ዛፍ የቆረጡትን ቅርንጫፍ ታቅፈው አንኳኩ። “ነግሬህ ነበር” እንዲሉኝ ጠበቅሁ፤ አላሉም። እሳቸው ግቢ ያለው በላተኛ በልቶ ጨርሶ ሊራብ ስለሆነ እኔ ጋ ቢበላ ይሻለዋል ብለው፣ ቅርንጫፉን ከቅርንጫፌ ጋር በክር ያስሩት ጀመር።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ለቆጠራ ይመጡ ነበር። ከፋሲካ በኋላ አዲስ ቅጠል ሲያቆጠቁጥ፣ እኔ ቅርንጫፉን ዝቅ አድርጌ ይዤላቸው እሳቸው ይቆጥራሉ። ክንዴ ዝሏል፤ የምሄድበትም ረፍዶብኛል።

“ገረመው፣ አትተንፍስ፤ ይበተኑብኛል” አሉኝ።

አልተነፈስኩም።