ቅቤ የጠጣ ምንጣፍ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም

የጽዱ ወለል ምንጣፍ አጣቢዎች ማኅበር አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ መካኒሳ አቦ፣ የማኅበሩ ቢሮ
የተጠራበት ሰዓት፦ 3:00
የተጀመረበት ሰዓት፦ 4:20 (ልዩነቱ የሰላምታ ነው)

የተገኙ፦
1. አቶ ገሠሠ፣ ሰብሳቢ
2. አቶ ዳባ፣ ምክትል ሰብሳቢና የማስጫው አጥር ባለቤት
3. ወ/ሮ ማናዬ፣ የቁጥጥር ኃላፊ
4. ወ/ሮ አምሳለ፣ ጸሐፊ (ይህን የምጽፈው)
5. ውብነሽ፣ አጣቢ

ያልተገኙ፦ አቶ ሚሳኤል፣ ገንዘብ ያዥ። አጎታቸውን ሊቀብሩ ሄደዋል። እኚሁ አጎት ዘንድሮ ሲቀበሩ ይህ ሦስተኛቸው ነው።

በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ከስድስቱ አባላት ቢያንስ አምስቱ መገኘት አለባቸው፤ አምስት ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ፦
1. የምግብ ቤት ምንጣፍ ማጠብ ለማኅበሩ ያዋጣል ወይ?
2. ልዩ ልዩ

አጀንዳ 1

ላፍቶ ክትፎ ቤት ያላቸው ወ/ሮ አያንቱ ምንጣፎቻቸውን በየወሩ እንድናጥብላቸው ጠይቀው፣ አንዱን ለሙከራ ልከዋል። ውብነሽ ሦስት ቀን አጥባዋለች። ዛሬ 10:00 ሰዓት ወ/ሮ አያንቱ መጥተው አይተው ይወስናሉ። ምንጣፉ ቢሮው ውስጥ ተነጥፎ ስለነበር፣ ለስብሰባው ክብር ሲባል ወንበሮቹ በላዩ ተደርድረዋል።

ሰብሳቢው ማኅበሩ ታሪካዊ መሻገሪያ ላይ መድረሱን ገለጹ። ከየት ወደ የት እንደምንሻገር ሲጠየቁ «ከመካኒሳ ወደ ላፍቶ» ብለዋል።

ወ/ሮ ማናዬ ተቃወሙ። የቤት ምንጣፍ አቧራ ብቻ እንደሆነ፣ የክትፎ ቤት ምንጣፍ ግን ቅቤ ጠጥቶ አዋዜ እንደሚደርብ አስረድተው፣ «የሚላክልን ምንጣፍ አይደለም፣ ምሳ ነው» አሉ። ሰብሳቢው ይህ የቁጥጥር ሳይሆን የምቀኝነት አስተያየት ነው በማለታቸው፣ ከዚህ በኋላ ሁለቱ ኃላፊዎች የተነጋገሩት በጸሐፊዋ በኩል ነው። አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠዋል።

አቶ ዳባ ምንጣፉ አጥራቸው ላይ ተሰጥቶ ሳለ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ሥሩ ቁጭ ብሎ ሽቅብ ያይ እንደነበር ገለጹ። ሥርዓት እንዲይዙ ሲባሉ «ኧረ አቦ፣ እነሱስ ከእኛ ይሻላሉ፤ ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚያዩት» አሉ።

ሰብሳቢው አስታራቂ ሐሳብ አቀረቡ። ምንጣፉን በጾም ወራት ብቻ እንቀበል፤ ያኔ ቅቤ የለም። ወ/ሮ ማናዬ በጸሐፊዋ በኩል፣ በጾም ክትፎ ቤቱ ራሱ ስለሚዘጋ የተዘጋ ቤት ምንጣፍ ምን ያቆሽሸዋል ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው «የሚያዋጣውስ ለዚህ አይደል?» ብለዋል።

ውብነሽ እጇን አወጣች። እንዲህ አለች፦ «የሚያዋጣውን እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ ጉልበቴ አልቋል። ይህችን አንዷን ሳጥብ ሦስት ቀን ሙሉ ተንበርክኬያለሁ። ሥራው የሚመጣ ከሆነ አብሮኝ የሚንበረከክ ሰው ይጨመርልኝ። አለዚያ አልችልም፣ እወጣለሁ።» ሰብሳቢው ጥያቄው በልዩ ልዩ እንደሚታይ ገለጹላት። ባለፉት አራት ስብሰባዎችም በልዩ ልዩ እንዲታይ ተብሎ እንዳልታየ መዝገቡ ላይ አለ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከረዥም ውይይት በኋላ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወስኗል፦
ሀ. ሥራው ያዋጣል።
ለ. አቶ ገሠሠ የሥራው አስተባባሪ፣ ወ/ሮ ማናዬ የጥራት ተቆጣጣሪ፣ አቶ ዳባ የማስጫ ኃላፊ፣ ጸሐፊዋ ሪፖርት አቅራቢ ይሆናሉ።
ማን እንደሚያጥብ የጠየቀ የለም።

አጀንዳ 2

ወደ ምሳ ተዛወረ። ወ/ሮ አያንቱ ዛሬ ጠዋት ክትፎ ልከው ስለነበር ቀረበ።

አቶ ዳባ ሥራው በእርቅ እንዲጀመር ስላሳሰቡ ሰብሳቢው ለወ/ሮ ማናዬ ጉርሻ ጠቀለሉ። ወ/ሮ ማናዬ ጠግቤያለሁ አሉ። ሰብሳቢው «በሞቴ» አሉ። ወ/ሮ ማናዬ ፊታቸውን ሲያዞሩ ጉርሻው ወደቀ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል በዚያ መቆም አልተቻለም። ሁለተኛው ግማሹ ተጎረሰ፣ ግማሹ ወረደ። ሦስተኛው በሰላም ተጎረሰ። ሆኖም ወ/ሮ ማናዬ ብድራቸውን ለመመለስ ሲነሡ የቅቤውን ጣባ በክርናቸው ምንጣፉ ላይ ገለበጡት። እርቁ ወርዷል። ቅቤውም ወርዷል። ጸሐፊዋም ከገበታው አልራቀችም ነበር።

ሰዓቱ 7:50 ነው። ሰብሳቢው «ውብነሽ፣ ነይማ ይህን ጥረጊልን» አሉ። ወንበሯ ባዶ ነበር።

ጸሐፊዋ ፈልጋ ደጅ ቧንቧው ጋ አገኘቻት። ጉልበቷን በእርጥብ ጨርቅ አስራ ተቀምጣለች። መቼ እንደወጣች ስትጠየቅ «ልዩ ልዩ ያላችሁኝ ጊዜ» አለች። ይኸውም ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ነው። ስለዚህ «በሙሉ ድምፅ» የተባለው ሁሉ ምልዓተ ጉባኤ አልነበረውም። ከአምስት ሰው አንድ ሰው ሲጎድል አለማየቴ አሳፍሮኛል፤ መዝገቡም ይወቀው።

ውብነሽ ቢሮው በር ላይ ቆማ ምንጣፉን አየችው። «ሴትዮዋ አስር ሰዓት ትመጣለች። ብሩሽ አምስት አለ» አለች። ሰብሳቢው ወገባቸውን እንደሚያማቸው አስታወቁ። ውብነሽ ጉዳዩ በልዩ ልዩ እንደሚታይ ገለጸችላቸው።

ከ8:00 እስከ 10:00 ስብሰባው በጉልበት ቀጥሏል። ያዋጣል አያዋጣም የሚል ክርክር አልተነሣም። ወ/ሮ ማናዬና አቶ ገሠሠ ያለጸሐፊ ተነጋግረዋል፤ የተነጋገሩት ስለ ሙቅ ውሃ ነው።

ልክ 10:00 ሰዓት ወ/ሮ አያንቱ መጥተው አራት ኃላፊዎች ተንበርክከው አገኙ። «እኔ እኮ አንድ ሰው ብቻ ያላችሁ መስሎኝ ፈርቼ ነበር» አሉ። ምንጣፉ እርጥብ ቢሆንም ጸድቶላቸዋል። ሥራውን ሰጡ።

በመጨረሻም ውብነሽ ስለተመለሰች ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ የሚከተለው ተወስኗል፦
ሀ. ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። አስተባባሪ፣ ተቆጣጣሪና የማስጫ ኃላፊ የለም። ሪፖርት አይቀርብም።
ለ. በተገኙት ዝርዝር ተራ ቁጥር 5 ላይ «ወ/ሮ» ይጨመር።
ሐ. የምግብ ቤት ምንጣፍ ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን የሚወስኑት ወ/ሮ ውብነሽ ይሆናሉ።

ወ/ሮ ውብነሽ ውሳኔያቸውን ሲጠየቁ «ሰኞ ጠዋት ስንት ሰው እንደሚመጣ አይቼ» ብለዋል።

ስብሰባው 10:35 ላይ ተዘግቷል። ሰብሳቢው ከተንበረከኩበት የተነሡት 10:50 ነው።