አስፋልት የሚያሳዝነው ሰው

በየከተማው ውድ ዕቃ የገዛና እስኪሞት ድረስ «ደግ አደረግህ» የሚለው ሰው የሚፈልግ አንድ ወንድ አለ። አንዱ ሰዓት ይገዛና ጠዋት ማታ እጅጌውን እየሰበሰበ ሰላም ይላችኋል። አንዱ ትልቅ ቴሌቪዥን ይገዛና ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ስፋቱ ያወራል። ለእኛ ሰፈር ግን ከሁሉም የከበደው ደረሰን፤ ላንድክሩዘር የገዛው።

ክቡር አቶ ሀይደር ይባላል። «ክቡር» ያልኩት እኔ ነኝ እንጂ መንግሥት አይደለም። ከሌሞ ገበሬ ስንዴና ገብስ እየገዛ ወደ አዲስ አበባ ሲጭን ሃያ ዓመት የኖረ ነጋዴ ነው። ገና አፍንጫውን መጥረግ ሳያውቅ ጀምሮ ስለማውቀው ጎረቤት ነኝ ብቻ አልልም፤ እየተቆጣሁ ያሳደግኩትም እኔ ነኝ። መኪናዋን የገዛው በመናኸሪያው አጠገብ አራት ሱቅ ሊሠራበት በነበረ ገንዘብ ነው። ሚስቱ ፈሪዳ እስከ ዛሬ መኪናዋን በስሟ አትጠራትም። «አራቱ ሱቅ በር ላይ ቆማ መውጫ ከለከለችኝ» ትላለች። «አራቱ ሱቅ ዛሬም ናፍጣ ጠማት» ትላለች።

ያመጣት ቀን ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ዞራት። ከጎኗ የዝሆን ኩምቢ የመሰለ ቱቦ ወደ ላይ ተሰክቷል።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አልኩት።

«አየር መሳቢያ ናት እማማ ዛሂራ። መኪናዋ ውኃ ውስጥ ብትገባ በእሷ ትተነፍሳለች።»

«ሆሳዕና ላይ የት ባሕር አግኝተህ ነው?»

«ቢመጣስ?»

«ባሕሩ?»

«አዎ፤ ቢመጣስ?»

እንግዲህ ከዚያን ቀን ጀምሮ ይኸው ነው። ከ«ቢመጣስ» ሌላ ሁለት ንግግር አለው። ጭቃ ባለፈ ቁጥር «ይኼን ሌላ መኪና ይሞክረዋል? ወላሂ ይሞክረዋል?» ይላል። ከዚያ መሪዋን መታ መታ አድርጎ «ዋጋዋን አወጣች!» ይላል። ዋጋዋን በሳምንት ሦስት ጊዜ ታወጣለች፤ ፈሪዳ ግን አንዷንም ሱቅ እስካሁን አላየችም።

ሰው መኪና ሲገዛ መንገድ እንዲስተካከልለት ይመኛል ብዬ አስብ ነበር። ሀይደር ግን መንገድ በተስተካከለ ቁጥር ቅስሙ ይሰበራል። በሰፈራችን ኮብልስቶን የተነጠፈ ዕለት ሴቶቹ እልል ብለን ዳቦ ቆርሰን ነበር። እሱ ጋቢውን ተከናንቦ ወጣና ለቀስተኛ መስሎ ከአጥሩ ሥር ቆመ።

«ይኼም አለቀ» አለ።

«ምኑ?» አልኩት።

«ጭቃው። ባለፈው ክረምት ባጃጁ ሁሉ ቆሞ እኔ ብቻ ስወጣ አላዩኝም እማማ?»

«አይቼሃለሁ። ወዴት ነበር የምትሄደው?»

«የትም። ልወጣ ነው እንጂ።»

ወደ ፎንቆ ለቅሶ ልንደርስ የሄድን ቀን ደግሞ ሰባት ሴቶች ጭኗል። ጭቃ የሚወደው ከውጭ እንጂ ከውስጥ ስላልሆነ እግራችንን በፌስታል አሳስሮ ነው ያስገባን። ደህና መንገድ ፊት ለፊታችን ተዘርግቶ ሳለ «በአቋራጭ እንሂድ» ብሎ በገብስ ማሳ መሃል ታጠፈ። የሀይደር አቋራጭ ከዋናው መንገድ በእጥፍ ይረዝማል። ወንዟን ሁለት ጊዜ ተሻገርናት፤ አንዴ ለመሻገር፣ አንዴ ደግሞ ከኋላ የተቀመጡት በደንብ አላዩም ብሎ ተመልሶ። ስንደርስ ቀብሩ አልቆ ሰው ድንኳን ገብቷል። እሱ ሐዘንተኛውን አቅፎ «አላህ ያጽናህ» አለና ወዲያው ጨመረበት፤ «በላይኛው በኩል ነው የመጣነው፤ ሌላ መኪና አይሞክረውም።» መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ሐዘንተኛው ግን ከዕንባው መሃል «በወንዙ በኩል?» ብሎ ጠየቀ። ወንዶች እንዲህ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ነው ፈሪዳ የቆረጠችው። እኔ በተቀመጥኩበት፣ ምስክር እንድሆን ብላ፣ እንዲህ አለችው፤

«ሀይደር፣ ስማ። ከዚህች መኪና በቀር ምንም የማይደርስበት አንድ ቤት አሳየኝ። አንድ ብቻ! የምናውቀው ሰው የሚኖርበት ይሁን። ያ ቤት እስካለ ትቆይልህ፣ አልናገርም። ካጣህ ግን ገዢ አመጣለሁ።»

«እሺ» አለ። እንዲህ ቀላል መስሎት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዞረ። በየዘመዱ ደጃፍ ባጃጅ ቆሞ ይጠብቀዋል። የአክስቱ ቤት መንገድ በጠጠር ተስተካክሎ ሲያገኘው አክስቱ እንዳስቀየመችው ሰው ሻይ ሳይጠጣ ተመለሰ። በመጨረሻ እኔ ዘንድ መጣ።

«እማማ፣ እህትዎ እማማ ሃቢባ የት ነበር ያሉት?»

እህቴ ሃቢባ የምትኖረው ከዶዮገና ወደ ላይ፣ ብርዱ ከሚጠናበት፣ ተዳፋቱ ላይ ነው። ያደግነው እዚያ ነው። ልጅ ሆነን መኪና ማለት የወባ መኪና ነበር። ወባዋ ብርዱን ባትደፍረውም መኪናዋ በዓመት አንዴ እየተንገዳገደች ትመጣና ሰዎቹ ፓምፕ አዝለው ግድግዳችንን መድኃኒት ይረጩ ነበር። ሃቢባ አንድ ጊዜ የመኪናዋን ጎን በመዳፏ ነካችና እስኪመሽ እጇን አልታጠበችም። ከዚያ ወዲህ እኔ ሆሳዕና አገባሁ፣ እሷ እዚያው ቀረች። በእግር እንጠያየቅ ነበር። ጉልበቴ ከከዳኝ በኋላ ግን እሷ መውረድ፣ እኔ መውጣት አቅቶን አራት ዓመት ሳንተያይ ቀርተናል። ይህን ስነግረው አንገቱን ነቀነቀ፤ አዘነ ብዬ ነበር።

«መንገዱ ጭቃ ነው?» አለኝ።

«እስከ ጉልበት።»

«ድንጋይስ አለው?»

«ምን የመሰለ።»

«ገደል?»

«በአንድ በኩል።»

ፊቱ እንደ ሙሽራ በራ።

እንዲህ ሆኖ ነው በየቅዳሜው መሄድ የጀመርነው። መኪናዋ ከፍ ስለምትልብኝ መወጣጫ በርጩማ አሠራልኝ። እህቴን አገናኘኝ፤ አልክድም። ግን ዕዳው ቀላል አይደለም። ስልኩን አስይዞኝ «እማማ፣ ጎማውን ይቅረጹልኝ! ጎማውን!» ይላል። ስንቴ የራሴን ጫማ ቀርጬ ሰጥቼዋለሁ። ከዳገቱ ሁሉ የከፋው ላይ ሲደርስ ቆሞ ያስረዳኛል። እኔ በመስኮቱ ገደሉን እያየሁ የቁርኣኑን ያሲን እቀራለሁ።

ስንደርስም ሃቢባን ከእንሰቷ መሃል ጠርቶ ፍርድ ይጠይቃታል። እህቴ ሰማንያ ሊሞላት ነው፣ ምላሷ ግን ገና ሃያ ነው።

«በዚህ ገንዘብ ስንት ላም ይገዛል?» አለችው።

«ብዙ ነው እማማ፤ መቶም ይሆናል።»

«ታዲያ ወተት ትሰጣለች?»

«አቀበት ትወጣለች!»

«ላምም ትወጣለች» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ባለፈው ክረምት በአንድ ረቡዕ ሃቢባ ጓሮዋ ውስጥ አዳልጧት ወደቀች፤ ዳሌዋን ተሰበረች። ስልክ ሲደወልልኝ ወደ ሀይደር ቤት በባዶ እግሬ ነው የሮጥኩት፤ ሩጫ ከተባለ። እሱ ግን ቤት አልነበረም። ማደያው ዘንድ ለናፍጣ ተሰልፎ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። መኪናዋ ከሠላሳ መኪና ኋላ በደረቅ ታንክ ቆማለች። ብደውልለት «እማማ፣ እየገፋሁም ቢሆን…» ብሎ ድምፁ ተቆረጠ። ሃቢባን ስምንት ሰዎች እየተፈራረቁ በቃሬዛ አወረዷት፤ በዚያ ጭቃ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ…» አለ። አላህ ይመስገን ተረፈች። ሀይደር ሆስፒታል መጥቶ ከእግርጌዋ ቆመ። ስለ መኪና አንድ ቃል አልተናገረም።

ክረምቱ ሲወጣ የሃቢባ ጎረቤቶች «ከእንግዲህ ሰው በቃሬዛ አናወርድም» ብለው መንገዱን ራሳቸው ሊሠሩ ተነሱ። ቅዳሜ ስንሄድ ተሰብስበው አገኘናቸው። የሚያስተባብሯቸው አቶ ጠና፣ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ፣ ወደ ሀይደር መጡ።

«አቶ ሀይደር፣ ጉልበት አለን፣ አካፋም አለን። ድንጋዩ ግን ያለው ከታች ወንዙ ዳር ነው። ኢሱዙ አይወርድም፣ ጋሪ አይወርድም። ሁሉንም አሰብን።»

«እና?»

«ያንተዋ ብቻ ናት።»

ይህን ቃል ከሰው አፍ ለመስማት ሁለት ዓመት ጠብቋል። ለቀስተኛ ወንዝ ለወንዝ ያንከራተተው፣ ማደያ በር የተገተረው ለዚህች ቃል ነው። አሁን መጣችለት፤ የመጣችው ግን መኪናዋን ልታስሸጥ ነው። ድንጋዩ ወጥቶ መንገዱ ሲሠራ ባጃጅ ይገባል፤ ባጃጅ ከገባ የፈሪዳ ውል ይደርሳል። እኔ አውቃለሁ፣ እሱ ያውቃል፤ አቶ ጠና አያውቁም። ሀይደር ወደ እኔ አየ። «ናፍጣ የለም» ሊል ነው ብዬ ጠበቅኩ። ቢል ማንም አይፈርድበትም ነበር፤ እውነቱም ነው፣ የለም።

«የኋላውን ወንበር አወልቃለሁ» አለ።

ስድስት ቅዳሜ ድንጋይ አመላለሰ። ሰባት ሴቶችን እግራቸውን በፌስታል ያሳሰረ ሰው፣ ያንን ወለል ድንጋይ ሲያገላብጥበት ዋለ። ጎኗ ተጫጫረ፣ የኋላ መብራቷ ተሰበረ። ስድስት ቅዳሜ ሙሉ ደግሞ አንድም ጊዜ «ዋጋዋን አወጣች» አላለም። ሥራው አልቆ የመጀመሪያው ባጃጅ ሃቢባ ደጃፍ ድረስ ሲገባ ሴቱ ሁሉ እልል አለ። እሱ እንሰቱ ሥር ቆሞ «ጥሩ መንገድ ወጣው» አለ፤ የተፎካካሪውን ልጅ እንደሚያመሰግን ሰው።

ፈሪዳ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ውል ውል ነው። ገዢ አገኘች። ሐሙስ ሊመጣ ሲሆን ማክሰኞ አስጠራችኝ። ሀይደር ጥግ ተቀምጦ ምንጣፉን ያያል።

«እማማ ዛሂራ፣ ቃሉ ሲሰጥ እርስዎ ነበሩ። ያ ቤት አሁን ባጃጅ ይደርስበታል አይደለም?»

በዚህ ዕድሜዬ ውሸት አልወድም፤ የምጠየቅበት ቀን ሩቅ አይደለም። ለሁለት ዓመት ደግሞ ይህች መኪና ትሸጥ ብዬ የለፈለፍኩት እኔው ነኝ።

«ይደርስበታል» አልኩ።

ሀይደር ቀና አላለም።

«ግን ቅዳሜ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ» አልኩ።

«በሚኒባስ ዶዮገና ይወርዳሉ፣ ከዚያ በባጃጅ ደጃፏ ድረስ ነው እማማ።»

«ባጃጅ ያዞረኛል።»

«መቼ ነው ያዞረዎት? ትናንት በሚክያስ ባጃጅ ገበያ ሄደው አይደል የመጡት?»

«የሚያዞረኝ ቅዳሜ ነው።»

ፈሪዳ አየችኝ። ብዙ አየችኝ። «እንግዲያ ገዢው ከቅዳሜ በኋላ ይምጣ» አለች።

ከቅዳሜ በኋላ ግን ሌላ ቅዳሜ አለ። እስካሁን አሥራ አንድ ሆነዋል። ባለ ባጃጁ ሚክያስ ወሬው ደርሶት «እማማ፣ ዛሬ ማዞሩ የለም?» እያለ ይስቅብኛል። «ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ዝም ብለህ ንዳ!» እለዋለሁ። ፈሪዳም ቅዳሜ ጠዋት ለሃቢባ የሚሆን ስኳርና ሳሙና ተመልሶ በተገጠመው የኋላ ወንበር ላይ ታስቀምጥና «አራቱ ሱቅ በደህና ትመለስ» ብላ ትገባለች።

ባለፈው ቅዳሜ በአዲሱ መንገድ ስንወጣ ሀይደር ቀስ ብሎ፣ መሃል መንገዱን ይዞ ነበር የሚነዳው። ስልክ አላስያዘኝም። አልቆመም፣ አላስረዳኝም። ጠጠሩ ከሥራችን ይንሿሿል። ሁለት ዓመት ዝም በል እያልኩት የኖርኩ ሴት፣ ዝምታው ጨነቀኝ። በፊት መስታወቱ ወደ ውጭ ሳይ ከመንገዱ ዳር ጎርፍ የቦረቦረው ጉድጓድ አየሁ፤ ውኃ አቁሯል፣ ዙሪያው ጭቃ ነው።

«ሀይደር» አልኩት።

«አቤት እማማ።»

«በግራ በኩል ያለውን ጉድጓድ አየኸው? ጥልቅ ይመስላል።»

«መንገዱ እኮ በቀኝ ነው እማማ።»

«አውቃለሁ» አልኩና መያዣውን በሁለት እጄ ጨበጥኩ።