የድንቢጧ ግዘት

ጣሪያ ማለት ከሰው በላይና ከሰማይ በታች ሆኖ፣ ዝናብን ከውጭ፣ ባለቤቱን ከውስጥ አድርጎ የሚያኖር ነገር ነው። በውስጥ ፊቱ ማን እንደሚያዝ ይታወቃል። የውጭ ፊቱ የማን እንደሆነ ግን እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ አልጠየቅሁም ነበር።

ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። እንግዳ ሲጠፋ ደግሞ ጎረቤት ነኝ፤ ጎረቤት ሥራ ፈቶ ሲገኝ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። የሰፈራችን መዋዕለ ሕፃናት መምህርት ሙሉ፣ «ለፈረንጅ በዚያ ሩቅ በሚያሳየው መነጽርህ ወፍ ታሳያለህ፤ ለእኛ ልጆች ብታሳይ ምን ይልሃል?» አለችኝ። ምን ይለኛል? ሄድኩ።

ሃያ የሚሆኑ የአምስት ዓመት ሊቃውንት ፊት ቆሜ ወፍ ምን እንደሆነች ጠየቅኋቸው። ፍሬ የምትባል የጎረቤቴ ልጅ፣ አባቷ ብልባላ በኩል ገብስ የሚያርስ፣ «ሌባ ናት» አለች። ጉባኤው በአንድ ድምፅ አጸደቀው። አንዱ ደግሞ ወንጭፍ እንዴት እንደሚሽከረከር ተነሥቶ አሳየን። አልፈረድኩባቸውም። ባንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ መጣልን እንደ ብልኀት የሚተርት ሕዝብ ልጆች ከየት ያምጡት?

ስለ ክንፍ ነገርኳቸው፣ ስለ ምንቃር ነገርኳቸው፤ የሌባ ጠበቃን እንደሚያዳምጥ ሰው በትሕትና አዳመጡኝ። ጎጆ እንዴት እንደምትሠራ ስደርስ ነው ነገሩ የተለወጠው። አንድ ጭራሮ ትይዛለች፣ ታስቀምጣለች፣ ተመልሳ ሌላ ልታመጣ ትሄዳለች አልኩ።

«አህያ የላትም እንዴ?» አለች ፍሬ።

የላትም አልኳት።

«ሰው አያግዛትም?»

አያግዛትም። ወንጭፍ ያሳየንም ልጅ ቦታው ተመልሶ ተቀመጠ። በእኛ አገር ያለ አህያና ያለ ደቦ ቤት የሠራ ሰው አይታወቅም።

አክብሮቱ ግን እስከ ማግስቱ ብቻ ቆየ። መምህርት ሙሉ ወፎች ጎጆ የሠሩበት የግቢው ወይራ ላይ ድንጋይ እንደገና መዝነብ መጀመሩን ስትነግረኝ፣ ለእነዚሁ ልጆች ከሰዓት በኋላ ፊደል የሚያስቆጥሩትን አባ ተክሌን አማከርኩ። እንደሚታወቀው፣ ደንብ ይዘለላል፣ የሽማግሌ ምክርም ይረሳል። ቄስ በእግዚአብሔር ስም ከገዘተ ግን፣ የገዘተው አፍ ራሱ እስኪፈታው ድረስ እጅ ይሰበሰባል። አባም መጥተው፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ «የወፍ ጎጆ ያፈረሰ ልጅ የተገዘተ ይሁን» አሉ።

እዚህ ላይ መማሬ ጎዳኝ። አባባሉ ቀዳዳ ያለው መሰለኝ። «አባ፣ ልጅ ብቻ ካሉማ ትልልቆቹ ያመልጣሉ። ‹ከልጅ እስከ ሽማግሌ፣ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ› ቢሉትስ?» አልኳቸው። አባ ረዘም አድርገው አዩኝ። «አንተ ካልክ» አሉና እንዳልኩት አሉት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል የእናቴን ቤት ክዳን የሚቀይረው አናጢ ከኮን መጣ። ሣሩ አርጅቶ ልክ በአልጋዋ ትክክል ያፈሳል፤ ወገቧ ደግሞ ብርድ አይወድም። ቆርቆሮው ተገዝቷል፣ ምስማሩ ተቆጥሯል፣ ሰማዩ ማጉረምረም ጀምሯል። አናጢው መሰላሉን ሲያቆም ፍሬ ከሥሩ ቆማ ነበር።

«ጋሼ፣ እዚያ ድንቢጥ ወልዳለች» አለችኝ።

አየን። ከበሩ በላይ፣ በክዳኑ ጠርዝ፣ አራት አፎች ወደ ሰማይ ተከፍተዋል። አናጢው መሰላሉን እየወጣ ቀላል ነው፣ በባርኔጣዬ አወርዳቸዋለሁ አለ። ፍሬ ግን ዐይኗን ከእኔ አላነሳችም።

«ጋሼ አልተገዘቱም?»

የተገዘተው ከልጅ እስከ ሽማግሌ ነው ብዬ ልጀምር ስል፣ «እርስዎ መሐል ላይ ነዎት» አለችኝ። አናጢው ግዘት የሚለውን ሲሰማ ከመሰላሉ ወረደ። ሲወጣ እንኳ እንዲያ አልፈጠነም።

አባ ተክሌ ዘንድ ሮጥኩ። «ልጄ፣ የገዘተ አፍ ይፈታል፤ ይፍቱ ካልከኝ አሁኑኑ እፈታዋለሁ» አሉኝ። «ለልጆቹ የምነግራቸው ግን እኔ አይደለሁም። አንተ ትነግራቸዋለህ።»

መንገዱን ሁሉ ንግግሬን ሳጠና መጣሁ። የእናቴ ወገብ፣ ክረምቱ፣ አናጢው፤ ሁሉም እውነት ነው። ስደርስ ፍሬ በሩ ላይ ጡጫዋን ጨብጣ ትጠብቀኛለች። ዘረጋችው። ገብስ ነው።

«ከአባዬ ጎተራ ነው» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አባዬ አያውቅም። ልጆቿን ትታ ሩቅ እንዳትሄድ ብዬ ነው።»

ወፍን ሌባ ያለችው ልጅ ለወፍ ሰርቃ መጥታለች። ገብሱን ተቀብዬ፣ ያጠናሁትን ንግግር ትቼ ገባሁ።

ፈራ ተባ እያልኩ ለእናቴ ነገርኳት። «አራስ ከቤት በክረምት አይወጣም» አለች። «አልጋዬን ወዲያ ግፋልኝ። አንተ ግን ከእንግዲህ ቄስ አታርም።»

አናጢው ሌላ ሥራ አለኝ፣ ስትጨርሱ ላኩብኝ ብሎ ወደ ኮን ተመለሰ። ዝናቡ ሳይላክበት መጣ። አልጋው አንዴ ወደ ግድግዳ፣ አንዴ ወደ በር ተገፋ፤ በሦስተኛው ዝናብ እናቴ ወደ እኔ ክፍል፣ እኔ ወደ እሷ ክፍል ተዛወርን። ፍሳሹን የሚቀበለው ሳፋም እኔ ጋ ቀረ። ልጆቹ በየጠዋቱ ተሰልፈው በመነጽሬ አፍ ይቆጥራሉ፤ አራት መሆናቸውን ለመምህርታቸው ያስታውቃሉ፣ ከዚያም የእኔን እርጥብ ብርድ ልብስ አልፈው ወደ ትምህርት ይሄዳሉ። ከመካከላቸው ድንጋይ የያዘ አላየሁም።

አንድ ቅዳሜ ፍሬ በሬን አንኳኳች። «ጋሼ፣ ግዘቱ በረረ» አለችኝ። ወጥቼ አየሁ፤ ጎጆው ባዶ ነበር። የዚያኑ ዕለት ወደ ኮን ላክሁ።

አናጢው መስከረም ከጠባ፣ ዝናቡም ካባራ በኋላ መጣ። ቆርቆሮው ተመታ፤ እናቴ ከበሩ በላይ አንዲት ቀዳዳ እንድትተው አዘዘች፤ ተተወች። ዘንድሮ መምህርት ሙሉ በድጋሚ ጋብዛኛለች። ስለ ዓሣ ላስተምራቸው ተስማምቻለሁ።