የመጨነቂያ ሰዓት

እንቅልፍ እምቢ ያለው ጎረቤት አጋጥሟችሁ ያውቃል? አየር ጤና የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡት ጎረቤቴ ጋሽ ወልዴ ሦስት ወር ሙሉ ዓይናቸውን አልከደኑም። የሰፈራችን ጥበቃ «እሳቸው ካሉ እኔ ምን አደርጋለሁ?» ብሎ ፈቃድ ሊጠይቅ ምንም አልቀረው።

ቤቴል ያለች አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ኪኒን አላዘዘችላቸውም። «ጭንቀትዎን ይዘው አልጋ ላይ አይውጡ። በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ቁጭ ብለው ግማሽ ሰዓት ብቻ ይጨነቁ፤ ደብተር ላይም ይጻፉት» አለቻቸው።

በማግስቱ ጋሽ ወልዴ በርጩማቸውን ደጃፍ ላይ አውጥተው ሥራ ጀመሩ።

«ጋሽ ወልዴ፣ ምነው?» አልኳቸው።

«እየተጨነቅኩ ነው። ሃያ ደቂቃ ይቀረኛል።»

እንግዲህ በእኛ ሰፈር ሰው ብቻውን ይጨነቃል? አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የልጄን የፈተና ነገር አጫወትኳቸው። በሦስተኛው ቀን እትዬ አልማዝ የሚያፈስ ጣሪያቸውን ጉዳይ ይዘው መጡ። በሳምንቱ ከዕድሩ አግዳሚ ወንበር አስመጣን፤ ተራ አስከባሪም መረጥን። የእኛን ጭንቀት ሲጽፉ ደብተሩ አለቀ፤ የራሳቸው ጭንቀት ተራ ሊደርሰው አልቻለም። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሽ ወልዴ ገና ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ማንኮራፋት ጀመሩ።

አንድ ቀን «ድኛለሁ፤ ከሰኞ ጀምሮ መጨነቁ ይቅርብዎት ተብያለሁ» ሲሉን ሰፈሩ በሙሉ ደነገጠ። ሦስት ሽማግሌዎች ሆነን ባለሙያዋ ዘንድ ቤቴል ሄድን።

«ልጄ፣ በሙያሽ አንገባም» አልኳት፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ። «ብቻ እባክሽ ሙሉ በሙሉ አታድኚያቸው። ትንሽ አስተርፊልን።»