ጅራቱን ማን ያንሣ?

(ጂንካ፣ የእንስሳት ክሊኒክ ግቢ። ኃይለጊዮርጊስ ለሁለት ወር የተግባር ልምምድ ከኮሌጅ የመጣ ተማሪ ነው፤ ነጭ ጋውኑ ላይ አንዲት ጠብታ የለችም። ሻንቆ የክሊኒኩ ከብት ያዥ ነው። ከአንድ ቀይ በሬ ኋላ ቆመው ይጨቃጨቃሉ።)

ኃይለጊዮርጊስ፦ ጅራቱን የምታነሣው አንተ ነህ አልኩህ እኮ።

ሻንቆ፦ ቀንዱንስ ማን ይያዝ?

ኃይለጊዮርጊስ፦ ቀንዱንም አንተ።

ሻንቆ፦ ዶክተር፣ በሬው ረጅም ነው። እጄ ከዚያ እዚህ አይደርስም።

ኃይለጊዮርጊስ፦ (ደስ ብሎት) ገና ዶክተር አልሆንኩም... ግን በለኝ፣ ግድ የለም።

ሻንቆ፦ ታዲያ አንተ ምን ትይዛለህ?

ኃይለጊዮርጊስ፦ ደብተር። እኔ የሥራ ልምድ ላገኝ ነው የመጣሁት።

ሻንቆ፦ ልማድ?

ኃይለጊዮርጊስ፦ ልምድ።

ሻንቆ፦ ይቅርብህ ዶክተር። ወንድሜ አረቄ ልማድ ሆኖበት ሚስቱ ጥላው ኦሞራቴ ገባች።

ኃይለጊዮርጊስ፦ ኧረ ልምድ ነው ያልኩህ ሰውዬ። ንድፈ ሐሳብን ከተግባር ጋር ማዋሃድ።

ሻንቆ፦ ተግባሩ የት ጋ ነው?

ኃይለጊዮርጊስ፦ (ቴርሞሜትሩን እያቀበለው፣ ፊቱን አዙሮ) እዚያ ጋ። ክተተው።

(ሻንቆ ጅራቱን አንሥቶ ይከታል። በሬው አንዴ ይራገጣል። ኃይለጊዮርጊስ አጥር ዘሎ ማዶ ተገኝቷል።)

ኃይለጊዮርጊስ፦ ስንት ይላል?

ሻንቆ፦ ሠላሳ ስምንት ተኩል።

ኃይለጊዮርጊስ፦ (እየጻፈ) ሠላሳ ስምንት ተኩል ምን?

ሻንቆ፦ እኔ ምን አውቄ።

ኃይለጊዮርጊስ፦ ዲግሪ። ዲግሪ ይባላል።

ሻንቆ፦ አንተስ ኮሌጅ የገባኸው ለዚሁ ለዲግሪ አይደል?

ኃይለጊዮርጊስ፦ እንዴታ።

ሻንቆ፦ እስካሁን ስንት ሰጡህ?

ኃይለጊዮርጊስ፦ ገና ነኝ። ባራት ዓመት አንድ ነው የሚሰጡት።

ሻንቆ፦ ወይ ጉድ። ሠላሳ ስምንት ተኩል ያለው ቂጡ ተገልጦ ይቆማል፣ አንድም የሌለው ይመረምረዋል።

ኃይለጊዮርጊስ፦ የሱ ሌላ ነው! የኔ በወረቀት ነው የሚሰጠው።

ሻንቆ፦ የሱ በየት እንደሆነማ አየሁት።

(ከውጭ የጭነት መኪና ክላክስ ይሰማል።)

ኃይለጊዮርጊስ፦ ወይኔ፣ ሁለት ወሬ ዛሬ አልቋል፤ ወደ ኮሌጅ የምመለስበት የአርባ ምንጭ መኪና ሊነሣ ነው። ጓድ ሻንቆ...

ሻንቆ፦ ዛሬ ጓድ ሆንኩ?

ኃይለጊዮርጊስ፦ ስማኝ። ሥራዬን ያየ ሠራተኛ ይህን ቅጽ ካልፈረመልኝ ዓመቱን እደግማለሁ። ኃላፊው ለክትባት ቱርሚ ወርዷል። ያለኸኝ አንተ ነህ። ሞልቼዋለሁ፤ ጣትህን ቀለም ነክረህ እዚህ ጋ ተጫንልኝ፣ በቃ።

ሻንቆ፦ ምን ይላል?

ኃይለጊዮርጊስ፦ «ተማሪው ጎበዝ ነው» ይላል። ሌላ የለውም።

ሻንቆ፦ ይሄ ሁሉ መስመር?

ኃይለጊዮርጊስ፦ በጣም ጎበዝ ነው ስለሚል ነው።

ሻንቆ፦ (ጣቱን ፊደሉ ላይ እያስኬደ) «ስ...ድሳ ከብት... በገዛ... እጄ... መርምሬ...»

ኃይለጊዮርጊስ፦ ታነባለህ እንዴ?

ሻንቆ፦ ቀን በሬ እይዛለሁ፣ ማታ መሠረተ ትምህርት። ባለፈው ወር ሰርተፊኬት ሰጡኝ። (ከተማሪው ጋውን ኪስ እስክሪብቶ መዝዞ ይጽፋል፤ በደንብ ይፈርምና ይመልስለታል።) እንካ። ሩጥ፣ መኪናው እንዳያመልጥህ።

ኃይለጊዮርጊስ፦ (እየሮጠ ያነባል፤ ቀስ በቀስ ይቆማል) «ከላይ የተጻፈው ሥራ በሙሉ እውነት ነው። ነገር ግን እጁ የእኔ ነው። ስለዚህ ዲግሪው ሲደርስ በእኔ ስም ይላክ። ሻንቆ፣ ከብት ያዥ፣ ጂንካ።»